ከዝናብ የተቆጠረው ዜማ

ታላቅ ወንድሜ በዲማ ገዳም የዜማ መምህር ናቸው። ተማሪውም፣ አገሩም፣ እኔም የኔታ እንላቸዋለን። አንገታቸው ላይ የነበረው እንቅርት አድጎ ትንፋሻቸውን ሲያሳጥረው፣ ባሕር ዳር ሄደው ቀዶ ጥገና እንዲደረግላቸው ተወሰነ። ሐኪሙ አልደበቀንም። የድምፅ ጅማት በዚያው በኩል ስለሚያልፍ ድምፃቸው ላይመለስ ይችላል አለ። ተራቸው እስኪደርስ ደብረ ማርቆስ እኔ ቤት አረፉ። እኔም ድምፃቸው ሳይነካ ዜማውን ልቀዳ ቆረጥኩ።

በስልኬ ሞከርኩ፤ ከፍ ሲሉ ይሰነጠቃል፣ ዝቅ ሲሉ ይጠፋል። ስለዚህ ልጄ አዲስ አበባ ስትገባ ትታልኝ የሄደችውን ላፕቶፕ ይዤ፣ ከተማው ውስጥ መዝሙር የሚቀርጽ ባለ ስቱዲዮ ዘንድ ማይክ ልገዛ ሄድኩ። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ሁሉ የራሱ ፎቶግራፍ ነበር። የመጣሁበትን ነገርኩት።

«እዚህ ያምጧቸው እንጂ እናቴ። ኢኮ እንጨምርበታለን፣ ከሥሩ ኦርጋን እናስገባለን። ያኔ ሰው ይሰማዋል።»

«ሰው እስከ ዛሬም ይሰማቸዋል።»

«ደረቅ ዜማ ማን ይገዛል?»

«ማን ልሽጥ አለህ?»

ሳቀ። ላፕቶፑን ሲከፍተው ደግሞ ይበልጥ ሳቀ። «ይሄማ የሚሠራበት ሥርዓት ሊኑክስ ነው፤ ነጻው! በነጻ የሚሰጥ ነገር ምን ይረባል? ላጥፋውና ደህናውን ልጫንልዎ።»

«ደህናው የተከፈለበት ነው?»

«ክራክ ነው። ቁልፉን ሰብረን ነው የምናስገባው። ችግር የለውም።»

«ሌብነት ነዋ።»

«እናቴ፣ ከተማው ሁሉ የሚሠራው በዚህ ነው።»

«እንግዲያው ከተማው ሁሉ ንስሐ ይግባ» አልኩና ማይኬን ይዤ ወጣሁ። የተጠመቀበትን ውኃ ማን እንደሸጠለት ልጠይቀው አሰብኩ፤ ግን ቃል ማባከን ነው።

የኔታን ጓዳ አስገባኋቸው። የጤፍ ጆንያ በዙሪያው ተደርድሯል፤ የውጭ ድምፅ እንዳይገባ በሩ ላይ ጋቢ ሰቀልኩ። መጀመሪያ ምንም አልተቀዳም። ልጄ ጋ ደወልኩ። «እማ፣ ላፕቶፑ አዲሱን ማይክ ትቶ በራሱ ጆሮ እያዳመጠ ነው» አለችና ከየት ገብቼ እንደምመርጠው ነገረችኝ። መረጥኩ። የኔታ ጀመሩ።

መልሰን ስንሰማው የመጀመሪያው ቃል ጥርት ብሎ መጣ። ድምፃቸውን ማስረዘም ሲጀምሩ ግን ውኃ ውስጥ እንደሚሰጥም ሰው እየራቀ፣ እየራቀ ጠፋ። መሐል ላይ ስለው ነበር። ሳላቸው አንድም ሳይጎድል ተቀድቷል።

«ሳል የሚወድ ማሽን ነው ያመጣሽው» አሉ የኔታ። ዳግመኛ ሞከርን፤ ያው ነው። ያን ቀን ከሆስፒታሉ ተደወለ፤ ከነገ ወዲያ ይግቡ አሉን።

ማይኩ ተበላሽቶ ይሆናል ብዬ ወደ ባለ ስቱዲዮው ተመለስኩ። በራሱ ኮምፒዩተር ሰካውና «ሀሎ፣ ሀሎ» አለ። ይሠራል። «ማይኩ ጤነኛ ነው። አላልኩዎትም? ነጻው ነው የማይረባው።» ደስታው ፊቱን ሞላው። በሰው ጭንቅ እንዲህ የሚደሰት ሰው መዝሙር ይቀርጻል።

መንገድ ላይ ግን ያ ሀሎ ሀሎ አልለቀቀኝም። እኔም ቤት ንግግር ይቀዳል፤ የኔታ ሲቆጡኝም፣ ሲስሉም ይቀዳል። የሚጠፋው ዜማው ብቻ ነው። ለልጄ ይህንኑ ነገርኳት።

«ወይኔ እማ! ጥፋቱ የእኔ ነው። በክረምት ከቤት ስሠራ የቆርቆሮው ዝናብ ስብሰባ እያስቸገረኝ፣ ጩኸት የሚያጣራ ነገር ጭኜበት ነበር። ንግግር ብቻ ነው የሚያሳልፈው። ሳይቆራረጥ የሚረዝም ድምፅ ሁሉ ዝናብ ይመስለዋል።»

«ዜማውን ከዝናብ ቆጠረው?»

«አዎ።»

የሐሜት ወሬ ቢሆን ሳይነካ ያሳልፋል፤ ምስጋናውን ግን እንደ ጉድፍ ይጠርጋል። ከብዙ ሰው አይለይም። «የት ነው የሚጠፋው?» አልኳት። ነገረችኝ፤ አጠፋሁት።

በመንገዳቸው ዋዜማ፣ ሰማዩ ሲያባራ ጠብቀን ጓዳ ገባን። የኔታ አንገታቸውን በእጃቸው ደግፈው ከመጀመሪያው ጀመሩ። ሊጨርሱ ሲቃረቡ ዝናቡ ቆርቆሮውን መታው። የሚያጣራው ነገር ስለጠፋ ዝናቡም እየገባ ነው። ላስቆማቸው እጄን አነሣሁ፤ አላዩኝም፣ ወይም አይተው ናቁኝ። እስከ መጨረሻው አደረሱት።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ድምፃቸው ግን አልተመለሰም። ዛሬ የሚናገሩት በሹክሹክታ ነው።

ባለ ስቱዲዮው ይህን ሰምቶ ቤቴ ድረስ መጣ። ቅጂውን ብሰጠው ዝናቡን አጥፍቶ ኢኮ እንደሚጨምርበት ነገረኝ። ከደጅ መለስኩት። ለዲማ ተማሪዎች ግን ለጠየቀ ሁሉ በነጻ ቀድቼ ሰጥቻለሁ። ያን ሥርዓት ሠርተው በነጻ የሰጡትን ሰዎች የክርስትና ስማቸውን አላውቅም። መቁጠሪያዬን ስይዝ «የማላውቃቸው» እያልኩ አስባቸዋለሁ።

የኔታ ወደ ዲማ ሲመለሱ ላፕቶፑን ይዤ አብሬ ሄድኩ። ተማሪዎቻቸው መሐል ከፈትኩት። የኔታ ዓይናቸውን ጨፍነው፣ ምርኩዛቸውን ቀስ አድርገው መሬቱ ላይ እየመቱ ሰሙት። ዝናቡ የገባበት ላይ ሲደርስ ምርኩዙ ቆመ። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ዝናቡ ሲመጣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነበር እንዴ?»

«አዎ የኔታ፣ በደንብ።»

«ደግ አድርጌያለሁ» አሉ፤ ምርኩዙም መምታቱን ቀጠለ።