የማይበሰብሰው አክሲዮን

አባቴ የሽንኩርት ነጋዴ ነው። ከባቱ ጭኖ አዳማ ያራግፋል። ገበያው ከወረደ በኪሳራም ቢሆን ሸጦ ምሳውን ይበላል፤ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «ሽንኩርት አይለመንም» ነው የሚለው። እኔ ፋይናንስ ልማር ዩኒቨርሲቲ የሄድኩት እንዲህ ያለ ሊቅ ቤት ውስጥ እያለ ነው።

ይሄው ሊቅ የባንክ አክሲዮን የገዛው የት መሰላችሁ? ለቅሶ ቤት። ባንኩ ገና ሊቋቋም ነው፤ አሻሻጩ ደግሞ የሟች ዘመድ። ድንኳን ውስጥ ከእድሩ ሰዎች መሃል ተቀመጠ። መጀመሪያ የእድሩ ዳኛ ፈረመ። ዳኛው ከፈረመ ጸሐፊው እንዴት ይቅር? ጸሐፊው ከፈረመስ አባቴ? ባንኩ ምን ሊሠራ እንዳሰበ የጠየቀ የለም፤ ለቅሶ ቤት ጥያቄ ማብዛት ነውር ነው። ንፍሮ እየቆረጠሙ ባለሀብት ሆኑ።

ባንኩ ተከፈተ፣ ትርፉ ግን እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ነው። የእድሩ ሰው ድርሻውን በርካሽ ልሽጥ ቢል ገዢ አጣ። አባቴም መላ አመጣ፤ አይሱዙውን ሸጦ የሁሉንም ድርሻ ሊገዛ። የምንበላው እኮ ከዚያች መኪና ነው።

ሽንኩርት ሲረክስ እየሸሸ አክሲዮን ሲረክስ ለምን እንደሚሮጥለት ጠየቅኩት።

«ሽንኩርት ይበሰብሳል» አለኝ። «አክሲዮን አይበሰብስም።»

«አባዬ፣ ሽንኩርት ሲበሰብስ ቢያንስ ይሸታል።»

እናቴ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እሱ አኮረፈኝ፤ ገዢም ከሻሸመኔ አስጠራ።

ሰውየው ሞተሩን አየ፣ ጎማውን በእግሩ ነካ ነካ አደረገ፣ ደህና ዋጋ ጠራ። አባቴ የተሰደበ ያህል ቀላ። እሱ መልሶ በጠራው ዋጋ አዲስ መኪና ይገዛል። ቀለሙን ራሱ እንደመረጠ፣ ዳገት ላይ አንድም ቀን እንዳላሳፈረችው ተረከ። በመጨረሻም ወደ እኔ እየጠቆመ፣ «ይቺን ያስተማረች መኪና ናት» አለ።

ሰውየው ከላይ እስከ ታች አየኝ። «ጋሼ፣ ልጅቷንም አብረው ነው የሚሸጡልኝ?»

ሄደ። የእኔ ዲግሪ ከመሸጥ ያላስጣላትን መኪና የአባቴ ፍቅር አስጣላት።

በማግስቱ በእሷው ባቱ ወረድን። አዳማ ስንመለስ የሽንኩርት ዋጋ ወድቆ ጠበቀን። አባቴ ዓይኑን ሳያሽ ሸጠ።

«አክሲዮኑንስ?» ስለው ከውጭ እንደቆምኩ የመኪናዋን መስኮት ዘጋብኝ።