ጎኑ እየሰፋ የሄደው ቀሚስ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ «ጋሽ መርፌ» ይላቸዋል። ስሙ የወጣላቸው ከሙያቸው ይልቅ ከቁመናቸው ነው ብንል ሐሜት አይሆንብንም፤ እሳቸው ራሳቸው ይስቁበታል። ልጅ ሳሉ ጠግበው ያደሩበት ቀን ጥቂት ነበር። ስለዚህ ለእሳቸው የወፈረ ልጅ ማለት ሰው ያለው ልጅ ማለት ነው፤ ከዚህ ሐሳብ ንቅንቅ የሚያደርጋቸው አልተገኘም።

ይህን ሐሳባቸውን በደንብ አድርጋ የበላችላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። አራት ዓመቷ ነው፤ ጉንጯ ሙልት ስላለ «ድንቡሼ» ይሏታል። እናቷ መድኃኒት ቤት ስለምትሠራ፣ ከመዋዕለ ሕፃናት ስትወጣ አያቷ ተቀብለው በታክሲ ወደ ሱቃቸው ያመጧታል። ሱቁ መንገድ ዳር ነው፣ መኪናው አያሳልፍም፤ ወደ ውጭ ዝር ማለት የለም። የቤት ልብሷን አልብሰው በተቆለለው ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ያስቀምጧትና ስልካቸውን፣ ብስኩቱንና ጣፋጩን ጭማቂ ያስታቅፏታል። ብስኩቱ ሲያልቅ ቀና ብላ «አባባ፣ አለቀ» ትላለች።

«ታዲያ ሌላ አለ አይደል እንዴ፣ የኔ እናት» ይላሉ። እምቢ ለማለት አንጀታቸው አይጨክንም።

ሌላ አያት ቢሆኑ ኖሮ ልጅቷ ስትወፍር ልብሷ ይጠባል፣ እናት ታያለች፣ ነገር ይነሳል። እሳቸው ግን ሰፊ ናቸው። የትምህርት ቤት ቀሚሷን ሲሰፉ በግራ በቀኝ ዳጎስ ያለ ትርፍ ጨርቅ ወደ ውስጥ አስቀርተው ነበር። ቀሚሱ ያዝ ያደረጋት ሲመስላቸው፣ እሷ ስልኩ ላይ እንዳፈጠጠች ምላጫቸውን አውጥተው ጎኑን ይፈቱታል፤ ትንሽ ለቀቅ፣ መልሰው ስፍት፣ በካውያ ተኮስ። ዝም፣ ጭጭ። እናት ጠዋት ስታለብሳት ልክክ ይላል። ክፋት አስበው አልነበረም፤ ለእሳቸው የጠበበ ነገር ሁሉ መድኃኒቱ ማስፋት ነው።

አንድ ቀን መዋዕለ ሕፃናቱ ነርስ አስመጥቶ ልጆቹን አስመዘነ። ነርሷ እናትየዋን አስጠርታ፣ የልጅቷ ክብደት ለቁመቷ እንደበዛ፣ ስትሮጥም ከጓደኞቿ ቀድማ ትንፋሽ እንደሚያጥራት ነገረቻት።

«ሲስተር፣ ሚዛኑ ተሳስቶ እንዳይሆን» አለች እናት። «ቀሚሷ እኮ እንደተሰፋ ልኳ ነው።»

«ዓመቱን ሙሉ ልኳ ከሆነማ እሱ ራሱ ያጠራጥራል» አለች ነርሷ፤ ደግማ ልትመዝናት ቀሚሷን አወለቀችላት።

እናትም የዚያው ልብስ ሰፊ ልጅ ናት፤ ሱቁ ውስጥ ነው ያደገችው። ቀሚሱን ገልብጣ ብታየው፣ በጎኑ ላይ ድሮ የተፈታው ስፌት የተወው የመርፌ ቀዳዳ፣ አንዱ መስመር ከሌላው አጠገብ። የታችኛው ጠርዝ ግን አንዴም አልተነካም። ልጇ ወደ ጎን እንጂ ወደ ላይ ብዙም እንዳልሄደች ያኔ ገባት።

ከዚያው ወደ ሱቁ ሄዳ ቀሚሱን የመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። «አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

ጋሽ መርፌ የሚገቡበት ጠፋቸው። «ጠበባት፤ ታዲያ ይጭነቃት እንዴ?»

«ትነግረኛለሃ። እኔ ደህና ነች ብዬ ነው የምውለው። ስትሮጥ ትንፋሽ ያጥራታል፣ አባዬ።» ቀሚሱን ማጠፍ ጀመረች። «ከሰኞ ጀምሮ ሌላ የምትውልበት እፈልጋለሁ።»

መቀሱን አስቀመጡ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ሱቁን የሚያሞቀው የዚህች ልጅ ድምፅ ነው፤ እሷ ከቀረች ቀኑ እንዴት እንደሚመሽ አላወቁትም። ስለ ራሳቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። «ነርሷ ምን አድርጉ አለች?»

«አታስርቧት ነው ያለችው። ጭማቂው በውሃ ይቀየር፣ ብስኩቱ ይቀነስ፣ ስልኩ ይቅር፣ ትሩጥ፣ በጊዜ ትተኛ። ቁመቷ ሲጨምር ክብደቷን ይደርስበታል አለች።»

«እባክሽ ልጄ፣ ያበላሸሁትን እኔው ልፍታው።»

እናት የታጠፈውን ቀሚስ አነሳች። «እሺ፣ ካንተው ጋር ትዋል። ሳትነግረኝ ይሄን ቀሚስ ብትነካ ግን...» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች።

ከዚያ ወዲያ ጭማቂውም፣ ስልኩም፣ ታክሲውም ቀረ፤ ከትምህርት ቤት በእግር ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ የልጅቷ ለቅሶ አይጣል ነበር። «እዘለኝ» ስትል ወገባቸውን ይዘው «ዛሬ ተራው ያንቺ ነው፣ አንቺ እዘይኝ» ይሏታል፤ እሷ ስትስቅ ጥቂት ይራመዳሉ። ትቀመጥበት ከነበረው ቁርጥራጭ ጨርቅ ኳስ ሰፉላት። ሱቁን በጊዜ እየዘጉ ከጀርባ ባለው ሜዳ አብረዋት ይሮጣሉ፤ ደንበኛ ሲያጉረመርም ጆሮ ዳባ ልበስ። መርፌ ኳስ ሲያባርር ለማየት ሰፈሩ ሥራ ፈታ።

ወራት አለፉ። አንድ ቀን እናት ከሥራ በጊዜ ወጥታ ሱቁ ብትደርስ አባቷ ያንኑ ቀሚስ ጭናቸው ላይ ዘርግተው ምላጭ ይዘዋል። ድንግጥ አለች።

«አባዬ፣ ደግሞ ምን እያደረግህ ነው?»

«አልነካሁም፤ አንቺን እየጠበቅሁ ነው» አሉ። «ጠርዙን ላወርድ ነበር። ከጉልበቷ በላይ ወጣ'ኮ፤ ረዘመች።»

ቀሚሱን ተቀብላ ገለበጠችና ጎኑን በጣቷ ዳሰሰችው። አዲስ ቀዳዳ የለም። ከዚያ ምላጩን ከእጃቸው ወስዳ አጠገባቸው ተቀመጠች፤ ልጅ ሳለች እንዳስተማሯት የጠርዙን ክር ራሷ ትፈታው ጀመር።