የሕዝብ የተባለው የእናቴ ግጥም

እናቴ ሙሾ አውራጅ ነበረች። መካኒሳ ውስጥ የዕድር ጥሩምባ ሲነፋ ሰው መጀመሪያ ማን ሞተ ይላል፤ ቀጥሎ እሷ ትመጣለች ወይ ይላል። የአንዱን ሙሾ ለሌላው አታወርድም። «ሰው የሰው ከፈን ይለብሳል እንዴ?» ትላለች። ለእያንዳንዱ ሟች በልኩ ትገጥምለታለች። እኔ በዚህ እኮራ ነበር፤ ኩራቴንም የምደብቅ ሰው አይደለሁም።

ዘጠናዎቹ እንደ ገቡ አንድ ወጣት ቴፕ ይዞ ቤታችን መጣ። የሚሠራው የቆዩ ዜማዎችንና ግጥሞችን ሰብስቦ ኮምፒውተር ውስጥ በሚያስገባ ቢሮ ነው። «ካሴት ይበላሻል እማማ፤ እዚያ ከገባ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል» አላት። የጥንት ሙሾ ታውቃለች ብለው ልከውት ኖሯል። ምን ዓይነቱን እንደሚፈልግ ለማሳየት ጎፋ ለቅሶ ቤት የቀረጸውን ከፈተልን። የማናውቃት ሴት ድምፅ ነው፦

ለሰው ጦር ሲገጥም ሲፋጅ የኖረው፣
የገዛ ደጁን ግን ማን ገርበብ አረገው።

«የድሮ ጦረኞች ሙሾ ነው» አለ ወጣቱ ፊቱ እየበራ። «ደጁ ገርበብ ማለቱ ዘማቹ ሳይመለስ መቅረቱ ነው። ባለቤቱ ስላልታወቀ ‹ግጥም፦ የሕዝብ› ብለን መዝግበነዋል።»

እናቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። «የምን ጦር? በር ነው እንጂ!»

እውነቷን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አናጢ ጎረቤታችን ሞቶ ነበር። የሰፈሩን በር ግማሹን የሠራው እሱ ነው፤ የራሱ በር ግን ማጠፊያው ተሰብሮ በሽቦ ታስሮ ነበር የሚውለው። እናቴ በለቅሶው ያወረደችው እንዲህ ነበር፦

ለሰው በር ሲገጥም ሲያበጅ የኖረው፣
የገዛ ደጁን ግን ማን ገርበብ አረገው።

ግጥሙ ከድንኳን ድንኳን ሲዞር፣ ጎፋ እስኪደርስ በሩ ጦር ሆኗል። አናጢያችንም ሳያስበው ዘምቷል።

ወጣቱ በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «ግን እማማ፣ ሙሾ የሁሉም አይደል? አንዱ ያወርዳል፣ ሕዝብ ይቀበላል።»

«ይቀበል! መቀበልና መውለድ አንድ ነው? ሕዝብ አምጦ ያውቃል? ያማጥኩት እኔ ነኝ። ሟቹ በር ገጠመ፣ እኔ ግጥም ገጠምኩ። አናጢ የገጠመውን በር ያጣዋል?»

የእኔም ደም ፈልቶ ነበር። የእናቴ ስም ሳይገባ ያ ካሴት ከቤታችን እንደማይወጣ ነግሬው፣ የሟቹን ሚስት ልጠራ ሄድኩ።

ሴትየዋ መጥታ ቴፑን ሰማች። መጀመሪያ በሣቅ ፈነዳች። «የኔ ባል? ጦር? ቤታችን አይጥ ሲገባ አልጋ ላይ የሚወጣው እሱ አልነበር!» እኛም ሣቅን። ሣቁ ሲበርድ ግን ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ ያገባሁት አናጢ ነው። በሩን መልሱልኝ» አለችው።

ወጣቱ ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። ሕጉ ለገጠመ ሰው መብት እንደሚሰጥ፣ ስሟ ከገባ ያለ ፈቃዷ ማንም አሳትሞ መሸጥ እንደማይችል፣ የሕዝብ ከተባለ ግን የፈለገ እንደሚወስደው አስረዳን። እናቴን ሙሾውን እንደ አዲስ አስወርዶ ቀረጻት።

ከሳምንታት በኋላ ቢሮው ጠራን። በኮምፒውተሩ መስኮት ላይ ጦሩ ጠፍቶ በሩ ገብቷል። ከሥሩ ሟቹ ከነሙያው ተጽፏል። «ግጥም፦» ከሚለው ቀጥሎ የእናቴ ስም ከነአባቷ ተቀምጧል። እሷ ፊደል ስላልቆጠረች እኔ ጮክ ብዬ አነበብኩላት፤ ድገመው አለችኝ፣ ደገምኩላት። በሕይወቴ ጮክ ብዬ በማንበቤ እንደዚያ ቀን የኮራሁበት ጊዜ የለም።

እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ ወደ ወጣቱ ዞረች። «አሁን የእኔ ነው አይደል?»

«የእርስዎ ነው እማማ።»

«እንግዲያው ጻፍ። ሊሸጠው የፈለገ መጥቶ ይጠይቀኝ። ሰው የሞተበት ግን ማንንም ሳይጠይቅ ያልቅስበት፤ ፈቅጃለሁ።»

ወጣቱ ቁጭ ብሎ ያለችውን ቃል በቃል ጻፈ። ሕዝብም ከእናቴ ፈቃድ አገኘ።