የወይዘሮ ዘሀራ ዕጢ

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ባዶ ቱቦ ላይ ቁጥር መጻፍ ነበር። የላቦራቶሪው ኃላፊ ጋሽ ታደሰ አንዱን አነሡና "ይሄ ሰባት ነው አንድ?" አሉኝ።

"ሰባት ነው ጋሼ።"

"ላንተ ነው ሰባት። ሁሉንም እንደገና።"

የአንደኛ ዓመት የማስተርስ ተማሪ ነኝ። ካዛንቺስ ያለው ላቦራቶሪያችን የያዘው ጥያቄ አንድ ነው፤ መድኃኒቱን በአግባቡ የሚወስድ ሰው ደሙ ውስጥ ኤች አይ ቪ ሳይታይ ሲቀር፣ ቫይረሱ ንፍፊት በሚባለው፣ የሰውነት መከላከያ ህዋሳት በሚከማቹበት ዕጢ ውስጥ ምን እየሠራ ነው? ይህን ለማወቅ የመከላከያ ህዋሳት እርስ በርስ የሚላላኩባቸውን ሞለኪውሎች፣ ሳይቶካይን የሚባሉትን፣ እንለካለን።

ዕጢው ከሰው ከወጣ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ገብቶ በቅጽበት መቀዝቀዝ አለበት። ከዘገየ ህዋሳቱ ተጨንቀው ራሳቸው መልእክት ይለቃሉ። ያን ጊዜ ቫይረሱ የቀሰቀሰውን እኛ በመዘግየታችን ከመጣው መለየት አይቻልም።

ወይዘሮ ዘሀራ ቄራ ልብስ ይነግዳሉ። ከአንገታቸው ዕጢ ለመስጠት ሲፈርሙ አጠገባቸው ነበርኩ።

"ልጄም ከተወለደች ጀምሮ መድኃኒቱ ላይ ናት" አሉኝ። "ለእሷ የሚሆን ነገር ከተገኘ ብዬ ነው እንጂ፣ ቢላ ወድጄ መሰለህ?"

ናሙናቸውን በበረዶ ሣጥን ይዤ ስደርስ ገና አሥራ ሁለት ደቂቃ ነበር። የናይትሮጅኑ ክፍል ቁልፍ ግን ጋሽ ታደሰ ኪስ ውስጥ ነው፤ እሳቸው ደግሞ ቢሯቸው ውስጥ ትልልቅ እንግዶች ይዘዋል። በሩ ላይ ቆምኩ። አዩኝና እጃቸውን አንሥተው "አንዴ" አሉ። ታላቅ ሰው ሲናገር ማቋረጥ አላደግኩበትም። ሣጥኑን አቅፌ ጠበቅኩ። እንግዶቹ ሲወጡ ሃምሳ አንድ ደቂቃ ሞልቷል።

"ለምን አልጮህክም?"

"እንግዳ ነበረዎት፣ ጋሼ።"

ሰዓቱን አዩ። ከዚያ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። "እኔም መጠየቅ ነበረብኝ" አሉና መዝገቡ ላይ "አይለካም" ብለው ጻፉ።

ወይዘሮ ዘሀራ የስፌቱን ክር ሊያስወጡ ሲመጡ እኔው ነገርኳቸው። ጥፋቱ የእኔ መሆኑንም ጨምሬ።

"በዚህኛው በኩልም አለ አይደል?" አሉ ሌላውን የአንገታቸውን ጎን እየነኩ። "ቁረጡ።"

"ደንቡ ከአንድ ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚፈቅደው፣ እናቴ።"

"እንግዲያ ልጄን ምን ልበላት?"

ሻርፓቸውን ጠምጥመው ወጡ።

ከእኔ በኋላ ለምትገቡ፦ ናሙና የያዘ ሰው በር ላይ አይጠብቅም። የሚናገረው ማንም ይሁን፣ ያቋርጠዋል።