ፖሊስ ጣቢያ የቀረው ቀፎ

ባለፈው ወር ከደጄ ፊት ለፊት ባለው የመብራት እንጨት ላይ አዲስ ትራንስፎርመር ሰቀሉ። ጠዋት ጠዋት፣ ሰፈሩ ገና ጸጥ እንዳለ፣ እምምም ይላል። የልጅ ልጆቼ አይሰሙትም። እኔ ግን ፊቴን ልታጠብ ውኃ በእጄ እንደያዝኩ ቆሜ እቀራለሁ። ንብ ይመስለኛል። ንብ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ጆሮዬ ግን እሺ አይለኝም። ይዞኝ ይሄዳል፤ ወዴት ቢሉ፣ ወደ አሮጌው ፖሊስ ጣቢያ።

ጣቢያው ከሚዛን ወደ ሸዋ ቤንች በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ከመንደራችን ከፍ ብሎ ነበር። ሁለት ክፍልና አንድ መጋዘን፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ከፊቱ የባንዲራ ምሰሶ። አንድ ክረምት ዝናቡ በዛና የጓሮው መሬት ተንሸራቶ ግድግዳው ተሰነጠቀ። ፖሊሶቹ ጠረጴዛና ወንበራቸውን ጭነው ወደ ከተማ ተዛወሩ። የቀረውን ዕቃ በሌላ ቀን በመኪና እንወስዳለን አሉ፤ ሳይመጡ ቀሩ። ሰውም ወደዚያ መሄድ ተወ። መንግሥት የቆለፈውን ማን ይነካል? ቁልፉ ዝጎ ከወደቀ በኋላ እንኳ ማንም አልገባም።

እዚያ ከቀሩት ዕቃዎች አንዱ ቀፎ ነበር። ነገሩን ከሥሩ ልንገርህ።

አባቴና ጎረቤታችን ቀፎ መሥራት የተማሩት ከአንድ ሰው ነው። ከልጅነታቸው ጀምረው ጫካ አብረው የገቡ፣ ማር አብረው የቆረጡ ሰዎች ነበሩ። ከመንደራችን በታች፣ ወንዙ ዳር፣ አንድ ትልቅ የቀረሮ ዛፍ ነበራቸው፤ የሁለቱም ቀፎዎች እሱ ላይ ይሰቀሉ ነበር። አንድ ዓመት ዛፉን ነፋስ ጣለው። ቀፎዎቹ ሁሉ ተሰባብረው አንድ ብቻ ከነንቡ ደህና ተገኘ። አባቴ የእኔ ነው አለ። ጎረቤታችን የእኔ ነው አለ። አባቴ ማለ፤ ጎረቤታችንም ማለ። ሁለቱም በውሸት የሚምሉ ሰዎች አልነበሩም፤ መንደሩን ግራ ያጋባው ይሄ ነው። ነገሩ ከረረና ገጀራ እስከ መማዘዝ ደረሱ። ያኔ ፖሊሶች መጥተው ቀፎውን፣ ኤግዚቢት ነው ብለው፣ በሸክም ወሰዱት። ፍርድ ሳይሰጥ ጣቢያው ተዘጋ። ሁለቱ ሰዎችም እንደተኳረፉ ቀሩ። ጎረቤታችን በመንገድ ሲያልፍ አባቴ ፊቱን ወደ ቡናው ያዞራል።

ከዚያ አባቴ ታመመ። ደረቱን ነው። አማን ሆስፒታል ወስደነው ነበር፤ መድኃኒት ሰጥተው፣ ይረፍ ብለው መለሱን። ሰው ሁሉ ሊጠይቀው ይመጣል፤ ጎረቤታችን የለም። አባቴ በር በተንኳኳ ቁጥር ቀና ብሎ ያያል። ማንን እንደሚጠብቅ አይናገርም፤ እኛም አንጠይቅም። ሽማግሌዎች መጥተው ታረቅ ቢሉት፣ ቀፎው የማን እንደሆነ ሳይታወቅ እርቅ ምንድን ነው፣ አንዳችን ዋሽተናል ማለት እኮ ነው አላቸው። ወደ ጎረቤታችን ቢሄዱ እሱም ያንኑ ቃል መለሰላቸው። ሳይነጋገሩ አንድ ቃል።

የጎረቤታችን ልጅ እኩያዬ ነው። የሁለታችንም ጢም ገና እያቆጠቆጠ ነበር። አባቶቻችን ቢጣሉም እኛ ወንዝ እየወረድን እንገናኝ ነበር። አንድ ቀን ውኃው ዳር ተቀምጠን ሳለ፣ ሄደን ለምን አናየውም አለኝ።

"ምኑን?"

"ቀፎውን። አባትህ ግራኝ አይደሉም እንዴ? ቀፎ የሚያስሩበትን ሐረግ ወደ ግራ ነው የሚጠመዝዙት፤ የእኔ አባት ወደ ቀኝ። ቋጠሮውን አይተን እንለየዋለን።"

እውነቱን ነው፤ የአባቴን ቋጠሮ ዓይኔን ጨፍኜ በእጄ ዳስሼ አውቀዋለሁ። የአባትህ ሆኖ ቢገኝስ አልኩት። ከሆነ ሆነ፣ አንዳቸው ይቅርታ ጠይቀው ይገላገላሉ አለ። እኔ ግን በሆዴ የእኛ እንዲሆን ነበር የምመኘው። እሱም እንደዚያው ይመኝ ነበር መሰለኝ።

ከሰዓት በኋላ፣ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ብቅ ባለች ጊዜ ሄድን። ግቢውን ሣር ውጦታል፤ በባንዲራው ምሰሶ ላይ ሐረግ ወጥቶበታል። በሩን ስንገፋው ምስጥ የበላው እንጨት እንደ ዱቄት ፈሰሰ። ውስጡ የሌሊት ወፍ፣ የእርጥብ ሲሚንቶና የአሮጌ ቆዳ ሽታ ነበረው። በቆርቆሮው ቀዳዳ ብርሃን እንደ ዘንግ ወርዶ ወለሉ ላይ ቆሟል።

"እግርህን አራግፍ" አለኝ ጓደኛዬ።

"ለምን?"

"የመንግሥት ቤት ነዋ።"

ሳቅን። ግን አራገፍኩ።

በእስረኛው ክፍል ግድግዳ ላይ በከሰል የተሳለ በሬ ነበር፤ አንድ ቀንዱ ሳይሳል ቀርቷል። የሣለውን ሰው ፈትተውት ይሁን፣ ከሰሉ አልቆበት ይሁን፣ ቆመን ተነጋገርንበት። መጋዘኑ ውስጥ ኤግዚቢቱ ተከምሯል። ጦር፣ ገጀራ፣ የበቅሎ ኮርቻ፣ ጎማ የሌለው ብስክሌት፣ የተቀደደ ከበሮ፣ አንድ እግር ቦቲ። ደግሞ አንድ ሙሉ በር ከነማጠፊያው። የማን ቤት በር እንደነበር እንጃ፤ ያ ሰው እስከ አሁን ያለ በር ይሆን የሚያድረው ብለን ተጨነቅን። በእያንዳንዱ ዕቃ ላይ የባለቤቱ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ካርቶን በክር ታስራለች። ጓደኛዬ ከእኔ የተሻለ ያነብ ነበርና ካርቶኖቹን እያነሣ ወደ ብርሃኑ አቀረባቸው። ቀለሙ ፈሷል፣ ምስጥ በልቶታል። አንዷ ላይ "ተከሳሽ" የሚል ብቻ ቀርቷል። ማን እንደከሰሰ፣ ማን እንደተከሰሰ የለም። ሰው የተጣላበት፣ ምናልባትም የተገዳደለበት ዕቃ አሁን የማንም አይደለም።

ከዚያ ድምፁን ሰማን። እምምም።

ቀፎው ከመስኮቱ ሥር በሁለት አግዳሚ ወንበሮች ላይ ተጋድሟል። በተሰበረው መስታወት ንቦች ይገባሉ፣ ይወጣሉ። ያኔ አብሮ የመጣው ንብ ይሁን፣ ሌላ መንጋ ገብቶበት ይሁን አላወቅንም። የሰፈፉ ሽታ የቆዳውን ሽታ አሸንፎታል። ትንፋሻችንን ውጠን ተጠጋን፤ እኔ በበሩ በኩል፣ እሱ በመስኮቱ በኩል። ጎንበስ ብዬ ጫፉ ላይ ያለውን ቋጠሮ አየሁ። ወደ ግራ።

"የእኛ ነው" አልኩ።

"የምን የእናንተ? የእኛ ነው እንጂ።"

"ዓይን የለህም? ወደ ግራ ነው የዞረው።"

"አንተ ደግሞ ግራና ቀኝህን ሳትለይ ነው ያደግከው? ወደ ቀኝ ነው።"

ንቦቹ ባይኖሩ ልንያያዝ ነበር። የእኛ ድምፅ ከፍ ሲል የንቡም ድምፅ ከፍ አለ፤ ፈርተን ዝም አልን። ጥቂት ቆይቶ ጓደኛዬ፣ እስቲ ና ከዚህ ሆነህ እይ አለኝ። ቦታ ተለዋወጥን። በእሱ በኩል ያለው ቋጠሮ በእርግጥ ወደ ቀኝ የተጠመዘዘ ነው። እሱም በእኔ በኩል ጎንበስ ብሎ የግራውን አየ። አንዱ ጫፍ የአባቴ እጅ፣ አንዱ ጫፍ የአባቱ እጅ። በአንድ ቀፎ ላይ።

ዛፉ የወደቀ ዕለት አባቴ በአንዱ ጫፍ፣ ጎረቤታችን በሌላው ጫፍ ቆመው፣ እያንዳንዱ የራሱን ቋጠሮ አይቶ ነው የማለው። የተቆጣ ንብ ሲያንዣብብ ማን ዞሮ ያያል?

ጓደኛዬ ዛሬ ቴፒ ነው የሚኖረው። ስንደዋወል፣ በመስኮቱ በኩል የቆምከው አንተ ነበርክ ይለኛል። ከኤግዚቢቱ መካከል በር የሚባል ነገርም አላየሁም ይላል። ሊሆን ይችላል። ጣቢያው ፈርሶ ቦታው የቡና ማስጫ ሆኗል፤ ሄዶ ማጣራት የለም። በቋጠሮዎቹ ግን አንከራከርም።

እንደተመለስኩ ለአባቴ ነገርኩት። ጣቶቹ ብርድ ልብሱ ላይ ሐረግ እንደሚጠመዝዝ ሰው ይንቀሳቀሱ ነበር። ሁለቱንም ጫፍ አየህ አለኝ፤ አየሁ አልኩት። ድሮ፣ ሚስት ከማግባታችን በፊት፣ አንዳችን በዚህ፣ አንዳችን በዚያ ተቀምጠን አብረን እንሠራ ነበር አለ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ ግን የዚያን ጊዜ ቀፎ እስከ አሁን እንዴት ይኖራል አለ። ከዚያ "እንጃ" ብሎ ዓይኑን ጨፈነ።

ጎረቤታችን ደግሞ ጭራሽ አላመነም። ሊያስታርቁን የፈጠሩት ተረት ነው ብሎ ልጁን ተቆጣው። ቀናት አለፉ። አባቴ ምግብ እየተወ መጣ፤ በር ሲንኳኳ ቀና ማለቱንም ተወ። እኔ የፈራሁት ያኔ ነው።

አንድ ረፋድ ላይ ከብት ልመልስ ወደ ላይ ስወጣ፣ በጣቢያው በተሰበረው መስኮት ውስጥ ጎረቤታችንን አየሁት። ኮፍያውን አውልቆ ይዟል። ጎንበስ ይላል፤ ዞሮ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ይመለሳል። ድምፅ ሳላሰማ ተመለስኩ።

ከሰዓት በኋላ ቤታችን መጣ። ሳያንኳኳ ነው የገባው። እናቴ ብርጭቆ እንደያዘች ቆማ ቀረች። ከአባቴ አልጋ አጠገብ ተቀመጠ። ማን ቀድሞ ይቅርታ እንደሚል እጠብቃለሁ። አባቴ ዓይኑን ገለጠና፣ ትናንት የተለያዩ ይመስል፣

"ቀፎውን ሰቀልከው?" አለው።

ጎረቤታችን ወደ እኔ አየ፣ ወደ እናቴ አየ።

"ሰቅዬዋለሁ" አለ በመጨረሻ። "ንቡም ገብቷል።"

"ጎሽ። ዘንድሮ አበባው ጥሩ ነው" አለ አባቴ፤ ፊቱን ወደ እሱ እንዳዞረ እንቅልፍ ወሰደው።

ጎረቤታችን ተነሥቶ ሲወጣ ተከትዬ ሸኘሁት። ደጅ ላይ ቆሞ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ጠየቀኝ።

"ልጄ፣ አማን ምን አሏችሁ? በሽታው አእምሮውን ነክቶታል እንዴ?"

"አይ፣ ጋሼ። ደረቱን ብቻ ነው። ዛሬ ጠዋት እንኳ የየትኛው ቡና ሥር ቀድሞ መመንጠር እንዳለበት ሲነግረኝ ነበር።"

ዓይኑን ከመሬት አላነሣም። ከዚያ ተመልሶ ገባና እዚያው ቦታ ተቀመጠ።

አባቴ ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየም። ያን ዕለት ስለ ቀፎው እንደዚያ የጠየቀው ጥሉን ረስቶ ይሁን አውቆ፣ እኔም አልጠየቅሁት፤ ጎረቤታችንም በተቀመጠባቸው ቀኖች ሁሉ አልጠየቀውም።