ዱሬቲ ለሰው የማትሰጠው ሥራ

ዱሬቲን ሊወቅስ የመጣ ሰው መጀመሪያ እኔን ይውቀስ። ምክሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ። ሠላሳ አንድ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ ስሜ ከበበው ነው፤ እሷ «ኦቦ ከበበው» ትለኛለች። አምቦ ውስጥ ስለ ወረቀት ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አስብ ነበር። አሁንም አስባለሁ፤ ድምፄን ግን ዝቅ አድርጌአለሁ።

ዱሬቲ ልብስ ሰፊ ናት። የተወለደችው ደንዲ ውስጥ፣ ከጊንጪ ወጣ ብሎ ባለ ቀበሌ ነው። አሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት አልመጣላት ሲል አምቦ አክስቷ ጋ መጣች። አክስቷ የስፌት መኪና ነበራቸውና ልጅቷ እዚያው መኪናው ላይ ቀረች ማለት ይቻላል። በ2007 ዓ.ም. ከቤቴ ፊት ለፊት ያለችውን ባለ አንድ በር ሱቅ ተከራየች። የጡረተኛ ሥራው መቀመጥ ስለሆነ እኔም ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ደጃፏ ላይ የራሴ ወንበር አለኝ። የምጽፈው ከዚያ ወንበር ላይ ሆኜ ያየሁትን ነው።

እጇን ልመስክርላት። አንድ ሰው በሩ ላይ ቆሞ ሰላምታውን ሳይጨርስ የትከሻውን ስፋት በዓይኗ ወስዳዋለች። አንድ ቀን ኮቴን አየችና «ኦቦ ከበበው፣ ግራ ትከሻዎ ዝቅ ብሏል፤ ያን ሁሉ ዓመት ፋይሉን የተሸከሙት በአንድ ብብት ነው እንዴ?» አለችኝ። ተናደድኩ። ቤት ገብቼ መስታወት ፊት ስቆም እውነቷን ነው።

ይህቺው ሴት ወረቀት ሲመጣ ግን መከራዋን ታያለች። አንድ መኪና አራት ሆነ፣ ሠራተኞቿ አምስት ደረሱ፤ ከእነሱ ጋር ወረቀቱም በዛ። ፈቃድ ማሳደስ፣ በየወሩ ግብር ማሳወቅ፣ የሠራተኛ ጡረታ፣ ማመልከቻ፣ የማመልከቻው መልስ። ሁሉንም ራሷ ነበር የምታደርገው። ጠዋት ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግታ ትወጣለች፤ «ኃላፊው ስብሰባ ናቸው» ትባላለች። ከሰዓት ትመለሳለች፤ «ሲስተም የለም» ትባላለች። ሱቅ ስትደርስ ጨርቁ እንደተዘረጋ ነው፤ ያለ እሷ የሚቆርጥ የለማ! በ2014 ታኅሣሥ ፈቃዷን ለማሳደስ አራት ቀን ስትመላለስ፣ የጥምቀት ልብስ ያዘዙ እናቶች ሱቁ ድረስ መጥተው ጮኹ። አንዷ ያለችውን እስከ ዛሬ ለዱሬቲ አልነገርኳትም።

ያን ጊዜ ነው «ይህን ነገር ለሰው ስጪው» ያልኳት።

በድሉ የሚባል ወጣት ቢሮ ከፍቶ ነበር። ከጎጃም መጥቶ እዚህ ዩኒቨርሲቲ አካውንቲንግ የተማረ፣ ተመርቆም አምቦን ወዶ የቀረ ጨዋ ልጅ ነው። የነጋዴዎችን የጽሕፈት፣ የግብርና የፈቃድ ጉዳይ በወር ክፍያ ይይዛል። ለዱሬቲ ሦስት ዓይነት አሠራር ጽፎ አመጣላት። በመጀመሪያው ግብር ማሳወቅና ፈቃድ ማሳደስ ብቻ ይሠራል። በሁለተኛው ደብዳቤና የጨረታ ሰነድም ያዘጋጃል፣ መሥሪያ ቤትም ይመላለሳል፤ የሚወስነው ግን እሷ ናት። በሦስተኛው ሁሉንም እሱ ይጨርሳል፤ እሷ ትሰፋለች።

ወረቀቱን ያንብቡልኝ ብላ ሰጠችኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ሦስተኛው ነው እንጂ!» አልኩ። በዚያም አላበቃሁም። «በየደቂቃው ለፊርማ እንዳይመጣብሽ፣ ባዶ ወረቀት ላይ ፈርመሽ ማህተምሽን ምቺና ስጪው» አልኳት። ይህን የሚያነብ ነጋዴ ነገሩን ያውቀዋል። ከላይ የድርጅቱ ስም፣ ከታች ፊርማና ክብ ማህተም፣ መሐሉ ነጭ። ብዙ ሰው ያደርገዋል፤ ሥራ ያፋጥናል። እኛ ዘንድ ማህተም ካረፈበት ማን እንደጻፈው የሚጠይቅ የለም፤ እኔም በሥራ ዘመኔ አንድ ቀን ጠይቄ አላውቅም። ዱሬቲ አርባ ወረቀት ፈርማ፣ ማህተም መትታ ሰጠችው።

ወራቱ ደህና አለፉ። እንዲያውም በጣም ደስ ይሉ ነበር፤ ሴትዮዋ ሳቂታ ሆነች፣ እኔም ምክሬን እያስታወስኩ ደረቴን ነፋሁ። ጥቅምት 2015 ላይ አንድ መሥሪያ ቤት ለጤና ባለሙያዎች የሚሆን ሦስት መቶ ስልሳ ነጭ ጋዋን ለማሰፋት ጨረታ አወጣ። በድሉ ሰነዱን ገዝቶ መሙላት ጀመረ። «የማስረከቢያ ጊዜ» የሚለው ጋ ሲደርስ ደወለላት። መኪና ላይ ነበረች፤ «አንተ እንደመሰለህ አድርግ» ብላ ዘጋችበት። ደግሞ ደወለ፤ ደግማ ዘጋችበት። እሱ ሌሎቹ ሠላሳ ቀን ይጽፋሉ ብሎ ገመተና አሥራ አምስት ቀን ብሎ ጻፈ። ቁልፍ እንኳ ተክሎ የማያውቅ ልጅ ነው፤ ከየት ይወቀው?

የአሸናፊነት ደብዳቤው የወጣ ቀን እየሮጠ መጣ። «እትዬ ዱሬቲ፣ አሸነፍን!» ከሁሉም ቀድማ የተቀጠረችው ጣቢታ እልልታዋን ለቀቀችው። ዱሬቲ ደብዳቤውን ከላይ እስከ ታች አነበበች፤ ከዚያ መቀሷን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

«ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን ጠራች። «አሥራ አምስት ቀን ያለው ማን ነው?»

እልልታው ተቋረጠ።

አራቱ መኪናዎች በደህና ቀን፣ መብራት ካልጠፋ፣ አሥራ ሁለት ጋዋን ያወጣሉ። በአሥራ አምስት ቀን መቶ ሰማንያ ነው፤ የታዘዘው እጥፉ። ውሉን አልፈርምም ብትል ለጨረታው ያስያዘችው ማስከበሪያ ገንዘብ ይወረሳል። ፈርማ ቀኑን ብታሳልፍ ደግሞ ከመንግሥት ጨረታ ልትታገድ ትችላለች። ሱቁን ዓመቱን ሙሉ የሚያቆመው ያ ሥራ ነው፤ የበዓል ልብስ ብቻውን አምስት ሰው አያኖርም። ስምንት ዓመት የገነባችው ነገር በአንዲት መስመር ጽሑፍ ሊሄድባት ነበር።

ጣቢታ «ይባረር!» አለች። እኔም ከእሷ ብሼ «ይባረር!» አልኩ። የጮኽኩት የራሴን ጥፋት ልሸፍን ነው፤ አሁን ስጽፈው አፍራለሁ።

ዱሬቲ በድሉን ይዛ ወደ ቢሮው ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ባዶዎቹን ወረቀቶች አምጣ አለችው። ሃያ ሰባት ቀርተው ነበር። ልጁ ቆጥሮ አስረከባት።

«ውላችንን ያፍርሱት፣ እትዬ። አልቀየምም» አላት።

«ደውለህልኝ ነበር» አለችው። «ሁለቴ። የዘጋሁብህ እኔ ነኝ። አሁን ቁጭ በልና የያዝክልኝን ሥራ አንድ በአንድ ንገረኝ።»

ነገራት። ለእያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር የምትጠይቀው፦ «ይህን ለመሥራት ስፌት ማወቅ ያስፈልጋል?» ግብር ማሳወቅ አያስፈልገውም፤ ያንተ ይሁን አለችው። ፈቃድ፣ መተየብ፣ ፋይል መያዝ፣ ቢሮ ለቢሮ መዞር፣ እሱም ያንተ። ዋጋና የማስረከቢያ ቀን የእኔ አለችው። ማህተሙ ኪሴ ውስጥ ይቀመጣል፤ ያላነበብኩት ወረቀት ላይ አይመታም። ሰኞና ሐሙስ ከምሳ በኋላ ትመጣለህ፤ ያን ሰዓት መኪና ላይ አልቀመጥም፤ ስልክም አልዘጋብህም።

በድሉም «ይህ እኮ ሁለተኛው አሠራር ነው» አላት።

«ከመጀመሪያውም የሚበቃኝ እሱ ነበር» አለችና ዞር ብላ አየችኝ። እኔ ጣሪያውን ማየት ጀመርኩ።

ሃያ ሰባቱን ወረቀቶች ሱቅ ወስዳ መጀመሪያ ፊርማውንና ማህተሙን ቆርጣ አወጣች፣ ቦጫጨቀችም። የተረፈውን ካርቶን ላይ ለጥፋ፣ ጨርቅ በልኩ የሚሠራበት የኮሌታና የኪስ ቅድ አደረገችው። ለምን ይህን ሁሉ ቅድ እንደፈለገች አልገባኝም ነበር።

ሰኞ ውሉን ፈረመች። የዚያኑ ቀን መርካቶ ላለው ደንበኛዋ ደውላ ጨርቁን መረጠች፤ በድሉ ሄዶ ጭኖ አመጣው። ሁለት ቀን ሙሉ ከጠረጴዛው ሳትነሳ ቆረጠች። ከዚያ በሰፊዎች ዘንድ የማይደረግ ነገር አደረገች። ሰፊ ቅዱን ለሌላ ሰፊ አያሳይም፤ ከቅዱ ላይ ጨርቅ የሚያለብስ ሰፊ አይቻለሁ፣ ሰው እንዳያይበት። ዱሬቲ ግን ጉደር ላይ ስድስት ሰፊ ለሚያሠራው ለቀንዓ ደወለችና ቅዴንም የቆረጥኩትን ጨርቅም ውሰድ አለችው። ቀንዓ ዓመታት ሙሉ ደንበኛ የሚሻማት ሰው ነው።

«ኤጋ፣ እንግዲህ ቅድሽን ልትሰጪኝ?» አላት፤ ድምፁ ከስልኩ ለእኔም ይሰማል። «ነገ ገበያሽን ብወስድብሽስ?»

«ቅዱን ትወስዳለህ፤ ዓይኔን አትወስድም» አለችው። ሳቀና እሺ አለ። ጊንጪም አብረዋት የተማሩ አራት ሴቶች አሉ፤ በእግር የሚረገጥ መኪና ነው ያላቸው። ለእነሱም ላከች።

በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን አምቦ መብራት ጠፋ። የእኛ አራት መኪናዎች ዝም ሲሉ የጊንጪዎቹ በእግራቸው ቀጠሉ፤ ጣቢታና ሌሎቹም ደጅ ወጥተው ቁልፍ በእጅ ተከሉ። በስምንተኛው ቀን ከጉደር የመጡት ሠላሳ ጋዋኖች በግራ መሆን የነበረበት ኪሳቸው በቀኝ በኩል ሆኖ ተገኘ። ዱሬቲ ወዲያው ሚኒባስ ይዛ ጉደር ሄደች፤ ከቀንዓ ሰፊዎች መሐል ተቀምጣ አስፈትታ አሰፋቻቸው። ያ ቀን የወሩ ግብር ማሳወቂያ የመጨረሻ ቀንም ነበር። በድሉ ሄዶ አሳወቀ፤ እሷ ስለ እሱ አንዲት ቃል አልጠየቀችም። እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ዓምና የነበረችውን ዱሬቲ አሰብኩ። ዓምና ቢሆን ያን ቀን ሰልፍ ላይ ትውል ነበር፣ ኪሱም በቀኝ ይቀር ነበር።

በአሥራ አንደኛው ቀን፣ ሐሙስ ከምሳ በኋላ፣ በድሉ የተተየበ ደብዳቤ ይዞ መጣ። «በመብራት መቋረጥ ምክንያት አሥር ቀን እንዲራዘምልን» ይላል። ጥሩ ደብዳቤ ነው፤ መዝገብ ቤት ስሠራ እንደዚያ ያለ ስንቱን ፋይል ውስጥ አስገብቻለሁ። ሁሉም ያራዝማል። እኔም ሳልጠየቅ «ፈርሚ» አልኩ፤ ሰው አይማርም።

ቆማ አነበበችው። «ጣቢታ፣ ስንት ደርሰናል?»

«ሁለት መቶ ስልሳ አምስት።»

ዱሬቲ በጣቶቿ ቆጠረች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የማንን እጅ ፍጥነት እንደምትቆጥር አውቃለሁ፤ የቀንዓን፣ የጊንጪዎቹን፣ የጣቢታን። ፈራሁላት። ደብዳቤውን ማህተም ሳትመታ መለሰችለት።

«ቀን የእኔ ነው ተባብለናል» አለችው። «አንተ የማስረከቢያ ደብዳቤ ጻፍልኝ። ሰኞ በለው።»

ልጁ አልተከራከራትም። ቁጭ ብሎ ጻፈ፤ አነበበች፤ አንድ ቃል አስተካከለች፤ ከዚያ መታችበት።

አርብ የጊንጪ ተጠቃሎ ገባ፣ ቅዳሜ የጉደር። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ሱቁ ውስጥ ነበርን። ጣቢታ በካውያ ትተኩሳለች፣ በድሉ ያጥፋል፣ እኔ አሥር አሥር እያደረግሁ አስራለሁ። ማሰር አሳምሬ አውቃለሁ! ሠላሳ ስድስት እስር ሆነ። ሁለቴ ቆጠርኩት፤ ቆጥሬ ስጨርስ ዓይኔ እንባ አቀረረ፣ ማንም አላየኝም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ሰኞ ጠዋት በሦስት ባጃጅ ጭነን መሥሪያ ቤቱ በር ደረስን። የግዢ ኮሚቴው ሰብሳቢ ዱሬቲን ሲያያት «የማራዘሚያ ደብዳቤ ነው?» አላት፤ እጁንም ለደብዳቤው ዘረጋ። እሷ ወደ ባጃጆቹ ጠቆመችው።

የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ ቆጠረች። ሰብሳቢው ከየእስሩ አንድ አንድ መዘዘ፤ ስፌቱን ሳበ፣ ቁልፉን ጎተተ፣ ኪሱን ገልብጦ አየ፣ ከናሙናው ጋር አስተያየ። የጉደሩን ከአምቦው፣ የአምቦውን ከጊንጪው መለየት አልቻለም። እኔም አልችልም። «ሦስት መቶ ስልሳ፤ ጉድለት የለም» አለችና ንብረት ክፍሏ የገቢ ደረሰኙን ቆረጠች። ጣቢታ ያቋረጠችውን እልልታ እዚያው ግቢ ውስጥ ጨረሰችው፤ ዘበኛው ሳይቀር አጨበጨበ። በሕይወቴ ብዙ ደረሰኝ አይቻለሁ፤ እንደዚያች ቀን በአንዲት ወረቀት ኮርቼ አላውቅም።

ሰብሳቢው ሊሸኘን ወጣና በድሉን ትከሻውን ያዝ አደረገው። «ለመጋቢት አራት መቶ ቱታ ለማሰፋት አስበናል። ዕቅድ እንድንይዝ ነው፤ እንዲህ ያለ ሥራ ስንት ቀን ይፈጃል?»

በድሉ አፉን ከፈተ። መልሶ ዘጋው፤ ወደ ዱሬቲም ዞረ።

«አርባ ቀን» አለች ዱሬቲ። «እሱንም ጨርቁን ካየሁት በኋላ ነው።»

ሰብሳቢው እስክሪብቶውን አወጣና አርባ ብሎ ጻፈ።