መስመሩ ላይ የተቀመጠችው እርሾ

ትናንት ጠዋት እንጅባራ፣ ግቢያችን ላብራቶሪ ውስጥ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ የጠላ እርሾ እቆጥራለሁ። አዎ፣ እርሾ ይቆጠራል። ከጥንስሱ አንድ ጠብታ በውኃ ታቀጥኑና ካሬ ካሬ ሆኖ የተሰመረ መስታወት ላይ ታደርጋላችሁ። በማይክሮስኮፕ ስታዩት ትንንሽ ክብ ነገር በየካሬው ተበትኗል። እሱን ትቆጥራላችሁ። እናቴ ዩኒቨርሲቲ የላከችኝ ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስቆጥር መቶ አርባ፣ ስደግመው መቶ ዘጠና። ያው ጠብታ፣ ያው ካሬ! መምህሩ ደግሞ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት የተቀራረበ ቆጠራ ካላመጣሽ ኮርሱን ትደግሚያለሽ» ብሎኛል። ማልቀስ ነበር የቀረኝ።

እዚህ መሃል አጎቴ ጋሽ አለኸኝ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ በጭቃ ጫማቸው ገቡ። ከጥሊሊ ወዲያ ያሉ ገበሬ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ድንበር ሲያካልሉ የኖሩ ሽማግሌም ናቸው... ትናንት ግን የመጡት ለራሳቸው ክስ ነበር። ማሳቸው ግርጌ፣ ልክ ድንበሩ ላይ በበቀሉ፣ ለከሰል በሚፈለጉ ሦስት የዲከረንስ ዛፎች ከጎረቤታቸው ጋር ይካሰሳሉ። መሬት አስተዳደር ቢሮ ሲደርሱ ሠራተኛው በሙሉ ስብሰባ ላይ ነው ተባሉ። ስብሰባው እስኪያልቅ እኔ ጋ መጡ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ ልክ አይደለም።»

ነገርኳቸው። «እስቲ ልየው» ብለው ጎንበስ አሉ። ብዙ ቆዩ።

«ይቺ መስመሩ ላይ የተቀመጠችው የማን ናት?»

«የሁለቱም ካሬ ናት፣ ጋሼ።»

«እና ምን ታደርጊያታለሽ?»

«አንዳንዴ እቆጥራታለሁ... አንዳንዴ እዘላታለሁ።»

ቀና ብለው የታመመ ሰው እንደሚያዩ አዩኝ።

«ወይ ጉድ! የሁለቱም የሚባል ነገር አለ እንዴ? ስሚ። ከላይና ከግራ መስመር ላይ ያለው የካሬው ነው፤ ቁጠሪው። ከታችና ከቀኝ ያለው የጎረቤት ነው፤ ተዪው። ማንም ሁለቴ አይቆጠርም፣ ማንም አይቀርም።»

እንዳሉኝ ቆጠርኩ። መቶ ስልሳ ሁለት። ደገምኩት... መቶ ስልሳ አራት። ከደስታዬ ብዛት አፌ አመለጠኝ።

«ጋሼ... የእርስዎ ዛፎችስ? ከታች መስመር ላይ አይደሉ እንዴ?»

በአገውኛ የሆነ ነገር አጉተመተሙ። እንደገና ጎንበስ ብለው አዩ፤ ሌላ ፍርድ ይገኝ እንደሆነ መሰለኝ። ከዚያ ዱላቸውን አነሱ።

«ስብሰባው መች አለቀ፣ ጋሼ? ወዴት ነው?»

«መናኸሪያ።»

ሪፖርቱን በስምንት ሰዓት አስረከብኩ፤ መምህሩም ተቀበለኝ።

ዛሬ ጠዋት ጋሼ ደወሉ። «ዛፎቹን ለሰውየው ተውኩለት። አንቺ ግን ያንን መስታወት ለሌላ ሽማግሌ እንዳታሳዪ» ብለው ዘጉት።

ጋሼ ድንበር ላይ ተሸንፈው አያውቁም ነበር... እርሾ አሸነፋቸው።